የትምህርት ቤት የዕለት ሥርዓትና የወላጆች ድርሻ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ካህናትና ምእመናን የተነገረ ቃል



የአንድ ደብር ዕድሜ የሚቈጠረው በሕንፃው ዓመታት ብቻ አይደለም። በቅጥሩ ውስጥ ፊደል ቈጥረው ያደጉት ልጆችም የዕድሜው ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ በእንዲህ ያለው በዓል ስለ ሕፃናት ትምህርት መነጋገር ከበዓሉ የራቀ ነገር አይሆንም። የዛሬው ንግግር ግን ስለ ረቂቅ ጥበብ አይደለም። ስለ ደወል፥ ስለ ደጅ፥ ስለ ደብተርና ስለ ምሳ፥ በጠቅላላው ልጅ ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ስለሚጠብቀው ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደንብ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ልጅ ከትምህርት የሚቀረው ብዙ ጊዜ በአንድ ትልቅ መከራ ሳይሆን፥ ትንሽ የሚመስለው ነገር በየቀኑ እየተከማቸበት ነው። ንግግሩም በሰባት ክፍል የተከፈለ ነው።

1ኛ፤ ስለ ቀድሞውና ስለ አሁኑ ትምህርት ቤት ልዩነት

በንባብ ትምህርት ቤት፥ ዛሬም በየደብሩ እንደሚታየው፥ ልጅ ከፊደል ጀምሮ ወደ አቡጊዳ፥ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ወንጌል ይሻገራል፤ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። በአንድ ጥላ ሥር ከተቀመጡት ልጆች አንዱ ፊደል ሲቈጥር ሁለተኛው አቡጊዳ፥ ሦስተኛው ዳዊት ይላል። የኔታ፥ ወይም በእርሳቸው ትእዛዝ ከፍ ያለው ተማሪ፥ እያንዳንዱን ለብቻው ያስቀጽለዋል። ልጁ ታሞ ወይም ከብት ጠብቆ ሁለት ቀን ቢቀር፥ ሲመለስ ጣቱን ካቆመበት ፊደል ላይ ያሳርፋል፤ ትምህርቱም ከዚያው ይቀጥላል። የጠፋበት ጊዜው ነው እንጂ ትምህርቱ አይደለም፤ ትምህርቱ ቆሞ ጠብቆታል።

የአሁኑ ትምህርት ቤት ሥራ ሌላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከግብፅ በመጡ መምህራን ትምህርት ቤታቸውን በአዲስ አበባ ከከፈቱ፥ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በአልጋ ወራሹ በተፈሪ መኰንን ስም የተጠራው ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ፥ ተማሪን በክፍል መመደብና ቀኑን በክፍለ ጊዜ መክፈል እየተስፋፋ ሄደ። ዛሬ በ2015 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው የ6 ዓመት ትምህርት ነው፤ ልጅም በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል ይገባል።

በእንዲህ ያለው ቤት አንዳንድ ጊዜ ከ50 የሚበልጡ ልጆች በአንድ መምህር ፊት ተቀምጠው አብረው ይራመዳሉ። ሰኞ መደመር የተማረ ክፍል ማክሰኞ በዚያው ላይ ይጨምራል፤ ረቡዕ ወደ መቀነስ ይሻገራል። ሰኞ የቀረው ልጅ ማክሰኞ ሲመጣ ጓደኞቹን ካቆማቸው ቦታ አያገኛቸውም። ይህ እንደ ቀድሞው ዘመን ቅፍለት ነው፤ ቅፍለት ለአንድ መንገደኛ አይቆምም፤ ወደ ኋላ የቀረም ብቻውን ይቀራል።

እንግዲህ ብዙ ወላጆች ልጃቸውን የሚልኩት ወደ አሁኑ ቤት ሲሆን የሚቈጥሩት ግን በቀድሞው ቤት ሒሳብ ነው። «ዛሬ ቢቀር ነገ ይማራል» ይላሉ። ይህ ቃል በየኔታ ዘንድ እውነት ነበር፤ በክፍል ትምህርት ግን እውነት አይደለም። ወላጅና ትምህርት ቤት በሰዓት፥ በመቅረትና በደብተር የሚጨቃጨቁበት ነገር ሥሩ ይህ ነው። ደንቡን የሚያውቅ ወላጅ ብዙ ነው፤ የደንቡን ምክንያት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

2ኛ፤ ስለ ሰዓት

ጠዋት ደወል ሲደወል ልጆች በየክፍላቸው ይሰለፋሉ፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ መዝሙር ይዘመራል፤ የዕለቱ ማስታወቂያ ይነገራል። ከዚያም ወደ ክፍል ይገባሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት መምህሩ የትናንቱን ያስታውሳል፤ የቤት ሥራ ያያል፤ የዛሬውን ትምህርት መሠረት ይጥላል። የዘገየ ልጅ የሚያጣው ይህንኑ መሠረት ነው፤ ግድግዳው ሲቆም ደርሶ መሠረቱ የት እንዳለ አያውቅም።

በየቀኑ 15 ደቂቃ የሚዘገይ ልጅ በሳምንት 75 ደቂቃ ያጣል፤ ይህም ሁለት ክፍለ ጊዜ ለመሙላት 5 ደቂቃ ብቻ የጎደለው ነው። በ4 ሳምንት ደግሞ 5 ሰዓት ያጣል፤ ይህም የአንድ ቀን ትምህርት ያህል ነው። እንግዲህ «ጥቂት ዘገየ» የሚባለው ልጅ በየወሩ አንድ ቀን እንደ ቀረ ይቈጠራል፤ በስም መጥሪያው ላይ ግን አንድም ቀን አልቀረም።

ወላጅ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ከባድ አይደለም። ደብተርና ልብስ በማታ ይዘጋጅ፤ ልጁ በጊዜ ይተኛ፤ በጠዋት ውኃ መቅዳትና መላላክ ለእርሱ አይሰጥ። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር እንደ ሆነም ልጁ በየትኛው ፈረቃ እንደ ተመደበ፥ ፈረቃውም የሚለወጥበትን ቀን ወላጁ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለትምህርት ቤቱም የሚነገር ቃል አለ። በአንዳንድ ቦታ ደወሉ ካለፈ በኋላ ደጁ ይዘጋል፤ የዘገየውም ልጅ ይመለሳል። ደጅ መዝጋት ለዘበኛው ቀላል ሥራ ነው። ነገር ግን በተዘጋ ደጅ ፊት የቆመ የ8 ዓመት ልጅ ወዴት ይሄዳል? እናቱ ጉልት ላይ ናት፤ አባቱ ሥራ ሄዷል፤ ቤቱም ተቈልፏል። የቀረለት መንገዱ ብቻ ነው፤ መንገድ ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚያስተምር ክፉ መምህር ነው። ስለዚህ የዘገየ ልጅ ይግባ፤ ስሙ ይጻፍ፤ ነገሩም ከተደጋገመ ወላጁ ተጠርቶ ይጠየቅ። የአዋቂው ጥፋት በሕፃኑ ላይ ሊከፈል አይገባም።

3ኛ፤ ስለ መቅረት

በሳምንት 5 የትምህርት ቀን አለ። ከነዚህ አንዱን በገበያ፥ በለቅሶ ወይም በቤት ሥራ ምክንያት የሚቀር ልጅ ከዓመቱ አምስተኛውን እጅ ያጣል። በዚህ ዓይነት 6ቱን ዓመት ቢጨርስ፥ ያጣው ሲደመር ከአንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ይበልጣል። ወላጁ ግን «ልጄ ስድስት ዓመት ተምሮ ማንበብ አልቻለም» ብሎ መምህሩን ይወቅሳል። መምህሩ የሚወቀስበት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ያልተዘራ እህል በማንም እጅ አይታጨድም።

ስለ በዓላትም ነገሩን በግልጥ መናገር ይገባል። እንደ ልደት፥ እንደ ጥምቀት፥ እንደ ስቅለትና እንደ መስቀል ባሉት ቀኖች ትምህርት ቤቱ ራሱ ይዘጋል። በየወሩ በሚውሉት በዓላት ግን ይከፈታል፤ አንዳንድ ወላጅም ልጁን በዓል ነው ብሎ ያስቀረዋል። የቀረው ልጅ ከረፋድ በኋላ ምን እንደሚሠራ የተመለከተ ሰው እንዳለ ይመስክር፤ እንጨት ይለቅማል፥ ዕቃ ይሸጣል፥ ወይም በሰፈር ሲዞር ይውላል። እንዲህ የዋለ ልጅ በዓሉንም አላከበረ፤ ትምህርቱንም አልተማረ፤ ሁለቱም ቀሩበት። የንስሐ አባቶች ይህን ለልጆቻቸው በለዘበ ቃል ቢያስረዱ፥ ከርእሰ መምህሩ ማስታወቂያ ይልቅ የእነርሱ ቃል ይሰማል።

የታመመ ልጅ ግን መቅረት አለበት። ትኵሳት የያዘውን፥ ኩፍኝ የወጣበትን ወይም ዓይኑ የሚመግለውን ልጅ «ትምህርቱ እንዳያመልጠው» ብሎ መላክ ደግነት አይደለም። ጠባብ ወንበር ላይ ሦስት ሆነው የሚቀመጡ ልጆች በሽታንም ይካፈላሉ። ወላጁ በዚያው ቀን ለክፍሉ ኃላፊ መምህር ይላክ ወይም በስልክ ያስታውቅ፤ ልጁም ሲድን ያመለጠውን ከጓደኛው ደብተር ይገልብጥ፤ መምህሩም ጥቂት ጊዜ ሰጥቶ ያስረዳው።

4ኛ፤ ስለ ልብስ፥ ስለ ንጽሕናና ስለ ምግብ

የደንብ ልብስ የታዘዘው ለጌጥ አይደለም። የባለጠጋ ልጅና የድኻ ልጅ በአንድ ወንበር ሲቀመጡ አንዱ በሌላው ልብስ እንዳያፍር፥ ከግቢ ውጭ የተገኘም ልጅ የየትኛው ትምህርት ቤት ልጅ እንደ ሆነ እንዲታወቅ ነው። አንድ ብቻ ያለው ልጅ ዓርብ ማታ ቢታጠብለት ለሰኞ ይደርሳል። የተጣፈ ልብስ ነውር የለበትም፤ ያልታጠበ ግን በልጁ ላይ የጓደኛ ምላስ ያመጣል። መምህርም በልጅ ራስ ላይ ቅማል ቢያይ፥ ለእናቲቱ ለብቻዋ ይንገር እንጂ በክፍል ፊት አይናገር፤ በጓደኞቹ ፊት የተዋረደ ልጅ ነገ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ይቀራልና።

ስለ ምግብ የሆነ እንደ ሆነ፥ የተራበ ልጅ ጆሮው እንጂ ልቡ በክፍል አይገኝም። በአዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለተማሪዎች ምግብ መሰጠቱ በዚህ ምክንያት ነው። ምግብ በማይሰጥበት ቦታ ግን ከቤት የሚቋጠረው ቆሎም ቢሆን እንጀራ በቂ ነው፤ ልጅ ከልጅ እንዳይፎካከርበትም ያልበዛ ይሁን። ጌጥና ብዙ ገንዘብ ለልጅ አይሰጥ። በደብተሩና በምሳ ዕቃው ላይ ስሙ ቢጻፍ የብዙ ቀን ልቅሶና ክስ ይቀራል።

5ኛ፤ ስለ ደብተርና ስለ ቤት ሥራ

መምህር ደብተር ወደ ቤት የሚልከው ወላጁ የልጁን ሥራ እንዲሠራለት አይደለም። አባት የሠራው ሒሳብ ለአባት ይቈጠራል፤ ልጁ ግን በፈተና ቀን ብቻውን ይቀመጣል። ወላጅ ጊዜና ቦታ ይስጠው፤ ሬዲዮውንና ቴሌቪዥኑን ዝም ያሰኝለት፤ ሲጨርስም ይይለት።

«ፊደል የማላውቅ እኔ ምን አያለሁ?» የምትል እናት ብዙ ናት። እርሷም ብዙ ማየት ትችላለች። በዛሬው ቀን የተጻፈ ገጽ እንዳለና እንደሌለ ታያለች። የመምህሩ የቀይ ቀለም ምልክት እንዳለበት ታያለች። ልጇ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ታዝዛለች፤ ሲንተባተብና ሳይንተባተብ ያነበበውንም በጆሮዋ ትለያለች። «ይህ ያነበብኸው ምን ማለት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ልጁ በራሱ ቃል መመለስ ካልቻለ ቃሉን በቃሉ ያዘው እንጂ አልገባውም ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው ፊደል ማወቅ ሳይሆን ሩብ ሰዓት መቀመጥ ነው። ልጅም እናቱ የምትጠይቀውን ነገር ከባድ ነገር እንደ ሆነ ያውቃል፤ የማትጠይቀውን ግን ቀላል ያደርገዋል።

የመገናኛ ደብተር በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ወላጅ ሳያነብ አይፈርም፤ የማያነብም ቢሆን አስነብቦ ይፈርም። ልጁ ራሱ የወላጁን ፊርማ እየፈረመ ወር ሁለት ወር ያለፈበት ቤት ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ነገር ሲገለጥም ወላጁ የሚቈጣው በልጁ ነው። ነገር ግን ደብተሩን በየሳምንቱ «እስቲ አምጣው» ቢሉት ኖሮ ለመፈረም ጊዜ ባላገኘም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

6ኛ፤ ስለ ደጅ ጥበቃና ስለ ቅጣት

ትንንሾቹን ልጆች ጠዋት ያደረሰና ማታ የሚረከብ ሰው ማን እንደ ሆነ ትምህርት ቤቱ ማወቅ አለበት። ወላጁ ራሱ መምጣት ባይችል የሚልከውን ሰው አስቀድሞ ያሳውቅ። ዘበኛው «የልጁ አጎት ነኝ» ያለውን ሁሉ ማመን አይገባውም፤ ወላጅም ዘበኛው ሲጠይቀው መቈጣት አይገባውም፤ የተጠየቀው ለገዛ ልጁ ደኅንነት ነውና። እንደዚሁም ትምህርት ካበቃ በኋላ ልጅን እስከ ምሽት በግቢ መተው ለልጁ ፍርሃት፥ ለዘበኛውም ያልተቀጠረበት ሸክም ነው። ወላጅ መምህሩን ለማነጋገር ሲፈልግ በአስተዳደር በኩል ያስጠይቅ እንጂ ትምህርት ወደሚሰጥበት ክፍል አይግባ። ልጄን መታብኝ ብሎ የሰው ልጅ በግቢ ውስጥ የሚገሥጽ ወላጅም ደንብ ከማፍረሱ በላይ ጠብን ወደ ሰፈር ይዞ ይመለሳል።

ስለ ቅጣትም የቀድሞው ሰው አለንጋን ከትምህርት ለይቶ አያየውም ነበር። ዛሬም «ግረፉልኝ» እያለ ልጁን ለመምህር የሚያስረክብ ወላጅ አለ። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የተጠበቀ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ ወላጅ ይህን ፈቃድ ለመምህር ሊሰጥ አይችልም፤ የእርሱ ያልሆነውን እንዴት ይሰጣል? መምህሩ ልጁን መክሮ፥ ቦታ ለውጦ፥ ያጠፋውን ሥራ እንደ ገና አሠርቶ፥ ካልሆነም ወላጁን ጠርቶ ያርመዋል። ዱላን የፈራ ልጅ ያልገባውን ነገር አይጠይቅም፤ የማይጠይቅ ልጅም አለማወቁን ሸሽጎ ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገራል። በቅኔ ቤት እንኳ ተማሪ ይረታ ዘንድ የሚበረታታው ጥያቄ በማንሣቱ ነው።

7ኛ፤ ስለ ስብሰባ፥ ስለ አቤቱታና ደብሩ ሊያደርገው ስለሚችለው

ብዙ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ መስከረም ላይ ለማስመዝገብና ሰኔ ላይ ውጤት ለመቀበል። በመካከል ቢጠራ ለክስ የተጠራ ይመስለዋል። ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፥ የመምህርና የተማሪ ኅብረት የሚቋቋመው ወላጁም ስለ ትምህርት ቤቱ ሥራ ቃል እንዲኖረው ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ከመውጣቱ በፊት አንድ ቀን ሄዶ «ልጄ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ወላጅ፥ ሰኔ ላይ ሄዶ ከሚያለቅሰው ይሻላል። በጥር የታወቀ ድካም እስከ ሰኔ ይጠገናል፤ በሰኔ የታወቀው ግን ዓመት ይበላል።

ቅሬታ ያለው ወላጅ በቅደም ተከተል ይሂድ፤ አስቀድሞ ወደ ክፍሉ ኃላፊ መምህር፥ ቀጥሎ ወደ ርእሰ መምህሩ፥ ከዚያ ወደ ኅብረቱ፥ በመጨረሻም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በበኩሉ ደንቡን በመስከረም አንድ ጊዜ በሚሰማ ቋንቋ፥ ከነምክንያቱ ያስረዳ። ምክንያቱ ያልተነገረ ደንብ ትእዛዝ ይባላል፤ ምክንያቱ የታወቀ ግን ምክር ይሆናል። ትእዛዝ አዛዡ ሲሄድ ይረሳል፤ ምክር ግን በቤት ይቀራል።

ደብሩም በዚህ ነገር እጁ አጭር አይደለም። አንደኛ፥ የንባብና የሰንበት ትምህርት ቤት ሰዓት ከክፍል ትምህርት ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ መምህራኑ ከርእሰ መምህሩ ጋር ይነጋገሩ፤ አንድ ልጅ ሁለት መምህር ሲጠሩት አንዱን ለመዋሸት አይገደድ። ሁለተኛ፥ በቤቱ መብራትና ጸጥታ ለሌለው ልጅ ከአዳራሹ አንዱ ክፍል ከሠርክ በኋላ ለጥናት ይከፈትለት። ሦስተኛ፥ በሰበካው ውስጥ መስከረም ሲመጣ ደብተር መግዛት የማይችሉ ወላጆች ማን ማን እንደ ሆኑ ካህናቱ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ፤ ሰበካ ጉባኤው ስማቸውን በዐውደ ምሕረት ሳያሰማ በስውር ይርዳቸው። ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕንፃና ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

በኢዮቤልዩ በዓል ያለፉት ዓመታት ይቈጠራሉ። በዚህ ዓመት በሰበካው ውስጥ 1ኛ ክፍል የገቡት ልጆች 6ኛ ክፍልን ሲጨርሱ ደግሞ ሌላ ቈጠራ ይደረጋል፤ ስንቱ ገብቶ ስንቱ አነበበ ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ የሚጻፈው በፈተና ቀን አይደለም። ነገ ጠዋት ደወሉ ከመደወሉ በፊት ልጁን ቀስቅሶ፥ ፊቱን አጥቦ፥ ደብተሩን አስይዞ በሚሸኝ እጅ ነው። ለዚህም ለወላጆች ትጋትን፥ ለመምህራን ትዕግሥትን፥ ለሕፃናቱም ማስተዋልን እግዚአብሔር ያድል።